ሰይፉ ለካ ፍላሽ ነበር!

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጊዜ ተሸውጄ ኖሬያለሁ። እንዲህ ደስ ያለኝ መሸወድ ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ነገሩን ባወቅሁበት ሌሊት ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ «ሰይፉ እኮ ፍላሽ ነው!» ብላት፣ «ጤና የለህም እንዴ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናንተ ግን አታዙሩብኝ፤ እስኪ ከሥሩ ልንገራችሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፣ ከፊት ደግሞ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። የሚታየው ሁልጊዜ የካራቴና የህንድ ፊልም ነው፤ አንድ ቅዳሜ ግን ባለቤቱ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ስታር ዋርስ የሚባለውን የሕዋ ፊልም ከተተው። ታላቅ ወንድሜ እንግሊዝኛ ያውቃል ስለሚባል አጠገቤ ተቀምጦ በሹክሹክታ ይተረጉምልኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ፊልሙን ደግሜ ሳየው ግማሹን ከራሱ እንደጨመረበት ገባኝ። በእሱ ትርጉም ክፉው ዳርዝ ቬደር ግብር ሰብሳቢ ነበር።

ለእኔ ግን ትርጉም አላስፈለገኝም። አንድ ሽማግሌ በበረሃ ጎጆው ውስጥ ሳጥን ይከፍታል። ከሳጥኑ አንዲት የምታብረቀርቅ ቱቦ ያወጣና፣ የአባቱ መሆኗን ነግሮ ለልጁ ያቀብለዋል። ልጁ ቁልፏን ሲነካት ሰማያዊ ብርሃን ከአፏ ተመዘዘ፤ የንብ መንጋ የመሰለ ጉርምርምታ ጭቃ ቤቱን ሞላው። በቃ። መርከቡ፣ ጭራቁ፣ ልዕልቷ፣ ሁሉም በኋላ መጣ፤ እኔን ይዛኝ የሄደችው ያቺ ቱቦ ናት።

ያን ማታ የአባቴን የእጅ ባትሪ ሰረቅሁ። ያቺን ረጅሟን፣ ሦስት ድንጋይ የምትጎርሰውን፣ መብራት ሲጠፋ ብቻ ከኮሞዲኖ የምትወጣዋን። ጨለማው ግቢ ውስጥ እያወዛወዝኳት በአፌ «ውውውም» እያልኩ ከሰፈሩ ውሻ ጋር ተዋጋሁ። ድንጋዩን ጨርሼ በማግስቱ የቀመስኩት ኩርኩም ዛሬም ጭንቅላቴ ላይ አለ። ይህችን ባትሪ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ። ሮጀር ክርስቲያን የሚባል እንግሊዛዊ አለ። ሥራው ያኔ የፊልም ቤቶችንና ክፍሎችን በዕቃ ማልበስ ነበር፤ ለስታር ዋርስ በሠራው እ.ኤ.አ. በ1978 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ኦስካር ወስዷል። ይህ ሰው ስለ ፊልሙ አሠራር ሲያወጋ ሰማሁት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። እ.ኤ.አ. 1976 ነው፤ ለንደን አጠገብ ኤልስትሪ በሚባል ስቱዲዮ ውስጥ ናቸው። ገንዘቡ ጠባብ፣ ፊልሙ የሰማይ ስፋት። የሕዋ መርከብ በአዲስ ዕቃ ልሥራ ቢል በጀቱ አንድ ክፍል እንኳ አያለብስለትም። ስለዚህ የተጣለ የአውሮፕላን ቁርጥራጭ በርካሽ እየገዛ አመጣና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ያ የምናውቀው የተቦጫጨቀ፣ ዘይት የጠጣ፣ ሰው የኖረበት የሚመስል መርከብ የውራጅ ልጅ ነው።

የብርሃኑ ሰይፍ እጀታ፣ ያቺ ቱቦ፣ ግን አልተገኘም ነበር። ክርስቲያን እንደሚያወጋው፣ ለንደን ግሬት ማርልቦሮ ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ገባና ባለሱቁን ለየት ያለ ነገር ካለው ጠየቀው። ባለሱቁም ለዓመታት ማንም ያልነካቸውን ሳጥኖች አሳየው። አንዱን ከፈተ። በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ የሚያብረቀርቅ ቱቦ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ቁልፍ ያለበት፣ እዚያ ተኝቷል! የካሜራ ፍላሽ እጀታ። ግራፍሌክስ የሚባል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰው ልጅ ሆኖ ያለመው፣ በስንት ደብተር ጀርባ የሣለው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የመሰለው መሣሪያ ሱቅ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ለፊልሙ ብሎ ማንም አልነደፈውም። አንድ ሰው እጁን ሳጥን ውስጥ ከተተና አገኘው!

ክርስቲያን የጨመረበት ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። እጅ እንዳያንሸራትት ቲ ቅርጽ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ክር ቆራርጦ በሱፐር ግሉ ለጠፈበት። ከድሮ ካልኩሌተር መስኮት ላይ፣ ቁጥሩን አጉልታ የምታሳየውን የእንቁ ዶቃ የመሰለች ጥርት ያለች ፕላስቲክ ነቅሎ ወገቡ ላይ ሰካት። ታችኛው ጫፍ ላይ ከቀበቶ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ጨመረ። አለቀ። ካልኩሌተሩ ኤግዛክትራ የሚባል የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥራ ነው፤ ቁጥሩ ቀይ የሚያበራው ዓይነት። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ለእሱም ጉዳይ አለኝ።

ግራፍሌክስ ማለት አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር የነበረ የካሜራ ፋብሪካ ነው። ስፒድ ግራፊክ የሚባለው ካሜራው ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ዋና መሣሪያ ነበር። በድሮ ፊልም ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ፍርድ ቤት በር ላይ ተጋፍተው «ፋ!» የሚያደርጉበት፣ ያ ሣጥን የሚያህለው ካሜራ እሱ ነው። ጆ ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1945 አይዎ ጂማ በተባለችው ደሴት ተራራ ላይ ወታደሮች ባንዲራ ሲተክሉ ያነሳው ዝነኛ ፎቶ የተነሳው በስፒድ ግራፊክ ነው። ፍላሹ ከካሜራው ጎን እንደ ምሰሶ ይቆማል። አናቱ ላይ ሰሃን የመሰለ አንጸባራቂ፣ መሃሉ ላይ የቤት አምፖል የሚያህል አንዴ ብቻ የሚበራ አምፖል። አምፖሉ ውስጥ ኦክስጅንና እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት አለ፤ ቀይዋን ቁልፍ ሲጫኗት ብረቱ በአንድ ቅጽበት ተቃጥሎ ያልቃል። ፎቶ አንሺው የጋለውን አምፖል አውጥቶ ጥሎ ሌላ ይተካል።

እና ያቺ ቱቦ፣ ያቺ እጀታ፣ በውስጧ ምን ይኖራል? ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ!

ሦስት ድንጋይ! የአባቴ ባትሪ! በዚያች ሌሊት ሚስቴን የቀሰቀስኳት ለዚህ ነው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የያዝኩት ነገር፣ የፊልሙ ልጅ ሉክ ስካይዎከር ከያዘው ነገር ጋር በሥራም በሆድ ዕቃም አንድ ነበር። ሁለቱም ሦስት ድንጋይ ጎርሰው ብርሃን የሚተፉ ቱቦዎች ናቸው። ለኩርኩሙ ካሣ ይገባኛል።

ቆዩ፣ ገና አላለቀም። የዳርዝ ቬደር ሰይፍስ? እሱም ፍላሽ ነው! የእንግሊዝ ኤም ፒ ፒ ፋብሪካ የሠራው ማይክሮፍላሽ። ኤም ፒ ፒ ደግሞ የአሜሪካኑን ስፒድ ግራፊክ የሚመስል የጋዜጠኛ ካሜራ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ድርጅት ነው። በታሪኩ እንደምታውቁት ሁለቱም ሰይፎች የአንድ ሰው፣ የሉክ አባት የሆነው የቬደር፣ ናቸው፤ አንዱ ክፉ ከመሆኑ በፊት፣ ሌላው ከሆነ በኋላ። በፊልም ሥራው ደግሞ አንዱ አሜሪካዊ፣ አንዱ እንግሊዛዊ የጋዜጠኛ ፍላሽ። የመጀመሪያው ፊልም ሲሠራ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ያሰበ ያለ አይመስለኝም። እንዲሁ ገጠመ። አባትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ፊልም ሲሞሻለቁ፣ እኔ አሁን የሚታየኝ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ለአንድ ሚኒስትር ፎቶ ሲገፋፉ ነው።

የሽማግሌው የኦቢ ዋን ኬኖቢ ሰይፍ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ እሷን ሳስብ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። አንድ በአንድ ላፍርስላችሁ። አፏ፣ ብርሃኑ የሚወጣበት፣ ደርዌንት ከሚባል የሮልስ ሮይስ ጄት ሞተር የተነቀለ ቧንቧ ነው፤ ደርዌንት ግሎስተር ሚቲየር የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ ጄት ያበረረ ሞተር ነው። አካሏ የአንደኛው ዓለም ጦርነት የጠመንጃ ቦምብ። ወገቧ ላይ ብራውኒንግ ከሚባል የአውሮፕላን መትረየስ የወጣ ቁራጭ አለ። ጫፏስ? ጫፏ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ መክፈቻ ነው! አርሚታጅ ሻንክስ የሚባለው የእንግሊዝ የመጸዳጃ ቤት ዕቃ አምራች የሠራው ነው። ያ ጠቢብ ሽማግሌ፣ በዝግታ የሚናገረው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስበው፣ በቀኝ እጁ የሁለት ጦርነት ብረትና አንድ የቧንቧ መክፈቻ ይዞ ነበር። እነዚህን ቁራጮች አንድ በአንድ ለይተው ያወቁት እንደ እኔ ያሉ እብዶች ናቸው፤ ፎቶ እያጎሉ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞሩ፣ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ለአንድ የቧንቧ መክፈቻ! ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው አገር ማስተዳደር ይችላል።

ሌላውን በሩጫ ልንገራችሁ። ነጭ ለባሾቹ ወታደሮች የያዙት ስተርሊንግ የሚባል የእንግሊዝ አጭር መትረየስ ነው። ሃን ሶሎ የተባለው ጀግና ሽጉጥ የጀርመን ማውዘር፣ መነጽር የተሰካበት። እ.ኤ.አ. በ1980ው ፊልም አንድ ሰው ከተማ ለቆ ሲሸሽ አቅፎ የሚሮጠው ውድ ዕቃ አይስክሬም መሥሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999ኙ ፊልም ደግሞ ኩዋይ ጎን የተባለው ባለ ሰይፍ እንደ ሬዲዮ የሚያወራበት ነገር የሴቶች ፀጉር መላጫ ቅጂ ነው፤ ሚስቴ ያንን ከሰማች ወዲህ ፊልሙን በአዲስ ዓይን ማየት ጀምራለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቄ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ለሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። የድሮ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ካየህ እንዲህ ያለ የካሜራ ፍላሽ ፈልግልኝ አልኩት። «ለምን?» አለ። ነገርኩት። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ለሠርግ ሲመጣ፣ ለእናቱ ካመጣው ሹራብ ውስጥ ጠቅልሎ አንድ ግራፍሌክስ አስረከበኝ።

እመኑኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን ስታቀፍ እንኳ እጄ እንዲህ አልተንቀጠቀጠም። (ልጄ ይህን እንዳታነብ አደራ።) ክብደቱ! ባዶ ሆኖ እንኳ መዳፍ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል። ርዝመቱ 28 ሴንቲሜትር ገደማ፤ ናስ ነው፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው። ሽፋኑ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ተልጦ ወርቃማው ናስ ይታያል። አንድ ፎቶ አንሺ ዕድሜ ልኩን እዚያች ቦታ ላይ ይዞታል ማለት ነው፤ የማን እሳት፣ የማን ሠርግ፣ የማን እሥር እንዳነሳበት ማን ያውቃል? አናቱ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ልክ እንደ ፊልሙ። ታችኛውን ክዳን ፈትቼ ብመለከት፣ ሽቦው ላይ ፈስሶ የደረቀ የባትሪ ድንጋይ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። የአባቴም ባትሪ ውስጡ እንዲሁ ነበር፤ በቢላ እየፋቀ «ድንጋይ ረስቶ መተው!» እያለ ይራገም ነበር።

ከዚያ ችግር መጣ። ሰይፍ ለማድረግ ጥቁሩን ፕላስቲክ በሱፐር ግሉ መለጠፍ አለብኝ። ሙጫውን ይዤ ሦስት ምሽት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ፤ አልቻልኩም። የእኔ አቋም ይህ ነው፣ ብዙ ወዳጆቼ አይስማሙበትም፦ ግራፍሌክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ተዘግቷል፤ ሌላ አይሠራም። የእያንዳንዱን ፍላሽ ወገብ በሙጫ የምናበላሽ ከሆነ ጋዜጠኞቹን ረስተን ሰይፉን ብቻ ማስቀረታችን ነው። ክርስቲያን ሲለጥፍ ሳጥን ሙሉ ርካሽ አሮጌ ዕቃ ላይ ነበር የለጠፈው፤ እኔ ግን የምለጥፈው በሹራብ ተጠቅልሎ ውቅያኖስ የተሻገረ ብቸኛ ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ፤ ዋናውን ለክቼ ሌላ ልሠራ።

የትስ ነው የሚሠራው? እሱንማ ለመገመት አዲስ አበባ መኖር ይበቃል። ምናለሽ ተራ!

ለማታውቁት፣ ምናለሽ ተራ የመርካቶ የውራጅ አንጀት ነው። በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው ቆራሌው የሰበሰበው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው ጫማና ገመድ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ኩራዝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መዶሻ። እዚያ «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «ምን ይወጣዋል?» ነው። ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ከአንድ ሽማግሌ ፊት፣ ከቧንቧ ክምር አጠገብ ቁጢጥ አልኩና በካሊፐር መለካት ጀመርኩ። የምፈልገው 38 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክሮም ቱቦ ነው፤ ከእጅ መታጠቢያ ሥር የምትገባው የፍሳሽ ቱቦ ወደዚያ ትጠጋለች።

«ለሳህን ማጠቢያ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ለሰይፍ ነው።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «በቧንቧ?»

ስልኬን አውጥቼ የፊልሙን ፎቶ አሳየኋቸው። ከዚያ ዋናውን ፍላሽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከዚያ ስለ ሰውዬው፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ካልኩሌተሩ፣ ስለ አውሮፕላኑ ቁርጥራጭ፣ ስለ ቧንቧ መክፈቻው ተረክሁላቸው። ቀስ በቀስ ከግራና ከቀኝ መዶሻዎች ዝም አሉ። ስጨርስ ሽማግሌው ፍላሹን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ታዲያ ፈረንጆቹም ምናለሽ ተራ አላቸው በለኛ!» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ማንም ስለዚያ ፊልም ተናግሮ አያውቅም። ተንታኙ፣ ሐያሲው፣ መጽሐፍ ጸሐፊው ሁሉ ይሰብሰብ፤ አያገኛትም። የፊልሙን አዲስነት የሠራው አሮጌ ብረት ነው፤ ይህን ለእሳቸው ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እሳቸው ናቸው ለእኔ ያስረዱኝ። ቱቦዋን ግን በቅናሽ አልሸጡልኝም።

ሥራው አራት ሳምንት ወሰደ፤ የቅዳሜና የእሁድ ሥራ ነው። የመጀመሪያዋን ቱቦ ገደልኳት። የቀይ ቁልፏን ቀዳዳ በትራፓኖ ስበሳ ጫፉ አንሸራተተና ክሮሙ ላይ ከላይ እስከ ታች የድመት ጥፍር የመሰለ ጭረት አወጣ። ለሁለተኛዋ መጀመሪያ በምስማር ነጥብ መታሁባት፣ ላይዋን በፕላስተር ሸፈንኩ፣ ከዚያ ዝግ አድርጌ በሳሁ። ሰያፉን አናት በብረት መጋዝ ቆርጬ በሞረድ ካስተካከልኩ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። መሃሏን የሚያቅፈውን ቀለበት ቶርኖ ቤት ወሰድኩ፤ ልጁ ዋናውንና ቅጂውን እያገላበጠ «የትኛው ነው የሚበልጠው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳልመልስለት ዝም ብዬ ተደሰትኩ። ቀይዋ ቁልፍ ከሞተ ሬዲዮ መጣች። ቀለበቷ ከልጄ የድሮ ቦርሳ ማንገቻ። ጥቁሩን ክር ለማግኘት ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ውስጥ ግማሽ ቀን ዞሬ፣ በመጨረሻ ከመኪና በር ጠርዝ ጎማ ውስጥ ቲ ቅርጽ ያለው አገኘሁ።

የአለጣጠፉን ነገር ግን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። የቱቦዋ ዙሪያ 119 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የምለጥፈው ሰባት ክር ነው። 119 ለ7 ሲካፈል? ልክ 17! እንዲህ ያለ ቆንጆ ቁጥር ሲወጣ ሰው ምልክት አይቶ ነው የሚተኛው። በቀጭን ወረቀት ላይ በየ17 ሚሊሜትሩ መስመር አሰመርኩ፣ ወረቀቱን ቱቦዋ ላይ ጠመጠምኩ፣ በመርፌ ጫፍ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በምላጭ ቆርጬ፣ ጠርዙን በአንድ ጎን በትንሹ ከርክሜ፣ የሙጫ ጠብታ በጥርስ መፋቂያ እንጨት እየቀባሁ፣ ትንፋሼን ውጬ አስቀመጥኩት። አራተኛው ላይ አውራ ጣቴም አብሮ ተጣበቀ። በሞቀ ውኃና በሳሙና ሳስለቅቅ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እዚያች ክር ላይ የጣቴ አሻራ እስካሁን አለ፤ አላጠፋውም።

ልጄ ሲያልቅ አይታ፣ «አባዬ፣ አይበራም?» አለችኝ። አይበራም። የፊልሙም አልበራም! ሲቀርጹ ያደረጉት፣ እንጨት ላይ እንደ መንገድ ምልክት ብርሃን የሚመልስ ጨርቅ ለብጠው በሞተር ማሽከርከር ነበር፤ ሽቦው በተዋናዩ እጅጌ ውስጥ ያልፋል፤ በኋላ ቀለሙን ፊልሙ ላይ በሥዕል ጨመሩበት። ድምፁንም ቤን በርት የሚባለው ባለሙያ ከአሮጌ የፊልም ማሳያ ማሽን ሞተርና ከቴሌቪዥን ጉርምርምታ አዋሕዶ ነው የፈጠረው። እሱም ውራጅ! የንብ መንጋ የመሰለኝ ነገር ሲኒማ ቤት ውስጥ ከጀርባችን የሚጮኸው ማሽን ነበር። ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «እሺ በአፍህ አድርገው» አለችኝ። አደረግሁት። ሠላሳ ዓመት ያልተለማመድኩት «ውውውም» እንደነበረ ነው።

አሁን ሁለቱ መደርደሪያዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከሮቼስተር የመጣው ፍላሽና ከምናለሽ ተራ የወጣችው ሰይፍ። እንግዳ ሲመጣ ዋናው የቱ እንደሆነ አስገምታለሁ፤ ቡናው ሳይፈላ ማንም አያመልጠኝም። አብዛኛው ሰው እጁን የሚሰድደው ወደ መርካቶዋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል። የካልኩሌተሯን፣ የኤግዛክትራዋን፣ ዶቃ እስካሁን አላገኘሁም። ለጊዜው ከክኒን ማሸጊያ ላይ ጉብ ጉብ ያለውን ፕላስቲክ ቆርጬ፣ ውስጡን ጥርት ባለ ሙጫ ሞልቼ ሰክቼበታለሁ። ከሩቅ ያታልላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ግን የራስ ምታት መድኃኒት ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ አባታችሁ ወይ አጎታችሁ ድሮ መሥሪያ ቤት ይዘውት የነበረ፣ ቁጥሩ በቀይ የሚያበራ አሮጌ ካልኩሌተር ቁም ሳጥን ላይ ካለ፣ ቢበላሽም ባይሠራም ግድ የለኝም፤ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት መስኮቱን አንዴ ተመልከቱልኝ። ትናንሽ ዶቃዎች ተደርድረው ካያችሁ፣ ቆራሌው በሚሰጣችሁ ዋጋ ላይ እኔ አምስት ብር እጨምራለሁ።